ሊድን የማይችል ሰው ስናስታምም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ውስጥ የታመመ ሰው ቤት ጠያቂ አይጠፋም። ጎረቤቱም እድርተኛውም ይገባል፣ ይወጣል። እኛም ሊድን የማይችል ሰው በበጎ ፈቃድ ለማስታመም ስንሄድ ያንኑ የጥየቃ ልማድ ይዘን እንገባለን። ስህተታችን የሚጀምረው እዚያ ነው።

አንደኛው በግድ ማጉረስ ነው። ሕርማታ አካባቢ አንዲት እናት ዘንድ እመላለስ ነበር። ልጃቸው የአጥሚት ማንኪያ ይዛ «እማዬ፣ በሞቴ» እያለች ታለቅሳለች። እኔም አብሬ ለመንኳቸው። እሳቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በኋላ ነርሷ አስረዳችን። ሰውነት ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ምግብ አይፈልግም። በደንብ ያልነቃ ሰው ሲያጎርሱት ደግሞ ትን ይለዋል፣ ምግቡ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ንጹሕ ጨርቅ በውሃ እያራስን አፋቸውን ማርጠብ፣ ከንፈራቸውን ቫዝሊን መቀባት ያዝን። ልጅቷም ማልቀሷን ቀነሰች።

«አይዞዎት፣ ይድናሉ» ማለትም ይቅርብን። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በሽታውን ከታማሚው ይደብቃል። መርዶ ነጋሪ መሆን የለብንም፣ መዋሸትም የለብንም። አንድ አባት «ልሞት ነው እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ምን አሳሰብዎት?» አልኳቸውና ዝም አልኩ። ያሳሰባቸው ያልከፈሉት የእድር መዋጮ ነበር።

«ሱስ ያስይዛል» ብሎ ሞርፊን የሚባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ መንፈግ ሌላው ስህተት ነው። ሐኪም ለሕመም ያዘዘውን በዚህ ፍርሃት ማስቀረት ሰውን በከንቱ ማሰቃየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ የካንሰር ሕመም ማስታገሻ ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሰጥ መክሯል። ሕመሙ እስኪበረታ አይጠበቅም። ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ ከተጸዳዱ ስንት ቀን እንደሆነ መጠየቅ አንፈር። መጠኑን መቀየር ግን የኛ ሥራ አይደለም።

ሼህ ይጠራ ወይስ ቄስ፣ ታማሚው ይወስን። ሰው ሲዳከም የአፍ መፍቻው ይቀለዋል፤ ኦሮምኛ የማንችል የሚችል ሰው ይዘን እንሂድ።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ አስታማሚዋን መርሳታችን ነው። ሌሊቱን ስትነሳ ስትቀመጥ ያደረች ልጅ፣ እኛ ስንገባ ቡና ልትቆላ ትነሳለች። ጭሱም ለታማሚ ይከብዳል። አሁን ቡናውን ከቤት ቆልተን፣ ወቅጠን እንሄዳለን። ጀበናውን እኛ እንጥዳለን። እሷ ከእናቷ አልጋ ሥር ፍራሽ ላይ ጋደም ትላለች።