ሚኒስትሪ ካርዱን ላሚኔት አታስደርጉት

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ መተንፈሻ አጣለሁ። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስጠርዙበት ሰሞን ነው፤ ሌላው የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት የወጣ ሰሞን። በሁለተኛው የሚመጡት ወላጆች ናቸው። እጃቸው ላይ አንድ ፌስታል አለ፤ ፌስታሉ ውስጥ የልጁ ወረቀት በሙሉ ተጠቅጥቋል፦ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ሪፖርት ካርድ፣ አንዳንዴ የክርስትና ካርድ ሳይቀር። «እህቴ፣ ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ የሚሆነውን ለይተሽ ኮፒ አድርጊልኝ» ይሉኛል። ምዝገባው መቼ ነው የሚያልቀው ስላቸው፣ «ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት»።

ቆሜ በችኮላ የምነግራቸውን እዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው።

ሰው ለምን እንደሚሮጥ ይገባኛል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ ነው። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ውጤት በወጣ ቁጥር ስማቸው በደህና የሚነሳው ደግሞ ልዩ አዳሪዎቹ ናቸው። ይህን የሰማ ወላጅ ባይሮጥ ነበር የሚገርመኝ።

ግን «አዳሪ» ሁሉ አንድ አይደለም። የክልል ትምህርት ቢሮ የሚያስተዳድራቸው አሉ። የልማት ማኅበር ያቋቋማቸው አሉ፤ አዳማ ያለው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ትምህርት ቤትና መቀሌ ያለው የትግራይ ልማት ማኅበር ቃላሚኖ ከዚህ ወገን ናቸው። የሃይማኖት ተቋማትም አላቸው። እያንዳንዱ የሚቀበለው ልጅ የራሱ ነው፦ የክልሉን ነዋሪ ብቻ የሚል አለ፣ ለየወረዳው ኮታ የሚያከፋፍል አለ፣ ለሴቶች መግቢያ ነጥቡን ዝቅ የሚያደርግ አለ። አንድ የሻሸመኔ አባት ሁለት ቀን ተመላልሶ ፋይሉን ካሟላ በኋላ ማስታወቂያውን ጮክ ብዬ ሳነብለት «የክልሉ ነዋሪ» የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ ፊቱ ተቀየረ። ሻሸመኔ ከእኛ በሚኒባስ ቅርብ ናት፤ ክልሏ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ምንም ወረቀት ከማሰባሰባችሁ በፊት ማስታወቂያውን እስከ ግርጌው አንብቡ። ዋናውን ፈልጉ፤ ጎረቤት በቴሌግራም የላከውን የተቆረጠ ፎቶ ሳይሆን፣ ማኅተም ያለበትን፣ ቢሮው ወይም ትምህርት ቤቱ በራሱ ሰሌዳና ገጽ ላይ የለጠፈውን። የአምና ማስታወቂያ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይዞራልና ዓመተ ምህረቱንም እዩ።

አሁን ወደ ስም እንምጣ፤ ብዙ ልጅ የሚንገላታው እዚህ ላይ ነው።

የልጁ ስም፣ የአባቱ፣ የአያቱ፤ ሦስቱም በሁሉም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለባቸው። ቀላል ይመስላል። የእኛ ፊደል ግን «ሀ» ብቻ ሳይሆን «ሐ»ም «ኃ»ም አለው፤ ኃይሉ አንዱ ቦታ በሃሌታው ሀ፣ ሌላው ቦታ በብዙኃኑ ኃ ይጻፋል። ፀሐይን ለመጻፍ ስንት መንገድ እንዳለ እኔን ጠይቁኝ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ይብሳል። በሲዳምኛ አጻጻፍ ረዥሙ አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ እዚያው ልጅ የእንግሊዝኛው ሰርተፍኬት ላይ በአንድ አናባቢ ይወጣል። የሁሉም አለቃ ደግሞ ስም የሚያሳጥረው ያ መስመር ነው፦ ገ/፣ ወ/፣ ተ/።

የራሴን ልናገር። በ2014 ክረምት ልጄን ለአዳሪ ትምህርት ቤት ሳስመዘግብ ነው፤ አያቷ ወልደማርያም ናቸው። ሚኒስትሪ ካርዷ፣ ማለትም የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ካርዷ፣ «ወ/ማርያም» ይላል። የልደት ምስክር ወረቀቷ «ወልደማርያም» ይላል። የኢንተርኔቱን ፎርም የሞላሁት እኔ ደግሞ ለጥራት ብዬ «ወልደ ማርያም» አልኩ፣ በሁለት ቃል። የአያት ስም የሚገባበት ሳጥን አንድ ቃል ብቻ ስለሚይዝ ሁለተኛውን ጥሎ «ወልደ» ብሎ መዘገባት። እኔ አላየሁም። የትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ዕለት በር ላይ ዝርዝሩን የያዘው ልጅ ካርዷን አየ፣ ዝርዝሩን አየ፣ «ይህቺ ሌላ ልጅ ናት» አለ። እሷ በሩ ጥግ ቆማ ታለቅሳለች፣ እኔ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እሮጣለሁ። ኃላፊው መጥተው «ትግባ» እስኪሉ አርባ ደቂቃ ሄደ። ያ አርባ ደቂቃ ከፈተናዋ ላይ ነው የተቆረጠው። በቀን ሃምሳ ፎርም ለሰው የምሞላ ሴትዮ፣ የራሴን ልጅ እንዲህ አደረግኳት።

ስለዚህ የምላችሁ ይህ ነው። ስም የሚስተካከለው ክረምት ላይ አይደለም። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ሲገባ፣ ትምህርት ቤቱ ለክልላዊ ፈተና ስም ከመላኩ በፊት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን ይዛችሁ ሪከርድ ክፍል ሂዱ። «እስቲ የተላከውን ስም ልየው» በሉ፤ አታፍሩ። ያኔ ስህተቱ በእስክሪብቶ የሚታረም ነው። ካርዱ ታትሞ ከወጣ በኋላ ግን ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ «ነገ ተመለሱ» ነው። የስም ፊደል ማረምና ስምን ጨርሶ መቀየርም አንድ አይደሉም፤ መቀየር ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ጉዳይ ነው፣ ለእሱ ክረምቱ አይበቃችሁም። የልደት ምስክር ወረቀት ጭራሽ የሌለው ልጅ ካለ ደግሞ ከስሙ በፊት እሱን አስጨርሱ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው፤ የዛሬዎቹ ስምንተኛ ክፍሎች ከዚያ በፊት የተወለዱ ስለሆኑ ብዙዎቹ ዘግይቶ የወጣ ወረቀት ነው ያላቸው፣ ስህተቱም እዚያ ላይ ይበዛል።

ከስም ቀጥሎ ቀን። ፎርሙ የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠየቀ ሰባት ደምሮ መሄድ አይበቃም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ታኅሣሥ 25 ቀን 2003 የተወለደ ልጅ ጃንዋሪ 3 ቀን 2011 ነው የሚባለው፤ 2010 ብላችሁ ከጻፋችሁ ልጁን ባንድ ዓመት አስረጃችሁት፣ የዕድሜ ገደብ ያለበት ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ አስወጣችሁት። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ አምስት ፒኤም ሲል የእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት ያለፈበት መስሎት ተስፋ ቆርጦ የተመለሰ ሰው አይቻለሁ።

ካርዱ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ኮፒ ማስነሳት ነው እንጂ ላሚኔት አይደለም። በፕላስቲክ ሲታሸግ ገቢ የማገኘው እኔ ነኝ፤ ቢሆንም እምቢ እላለሁ። በፕላስቲክ በታሸገ ወረቀት ጀርባ ማኅተም አይመታም፣ ዋናውን ከሐሰተኛው በእጁ ዳስሶ መለየት የሚፈልግ መዝጋቢም ይጠራጠራችኋል። እንዳይበላሽ ከፈራችሁ ግልጽ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ክተቱት፤ ርካሽ ነው፣ ይወጣል ይገባል።

ጉርድ ፎቶውን ስድስት አስነሱ፣ አራት ቢሏችሁም። ጀርባው ላይ ሙሉ ስም በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ በፊት በኩል ይወጣና የልጁ ግንባር ላይ ሰማያዊ መስመር ይሆናል። ሰነድ በስልክ የምትልኩ ከሆነ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩ፤ ይጨመቅና የማኅተሙ ጽሑፍ ይጠፋል። «ፋይል» የሚለውን ምረጡ። ደግሞ መብራት የሚጠፋው የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነው። ይህን በጥናት አላረጋገጥኩም፣ በአሥራ አንድ ዓመት ግን አንድም ጊዜ አልሳተም።

አንዳንዱ ትምህርት ቤት ልጁ ራሱን የሚገልጽበት አጭር ጽሑፍ ይጠይቃል፣ ወይም ቃለ መጠይቅ አለው። እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ቀድሞ ወላጅ «አንቺው ጻፊለት» ሲለኝ እጽፍ ነበር። አንድ ክረምት ሦስት ልጆች ከእኔ ኮምፒዩተር ላይ «ሐኪም ሆኜ ሀገሬንና ወገኔን ማገልገል እፈልጋለሁ» የምትል አንድ አንቀጽ ይዘው ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄዱ። መዝጋቢው ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያነብ ከእናቶቹ አንዷ አየችው፤ ተመልሳ መጥታ ያለችኝን አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ልጁ በቃሉ የነገረኝን ብቻ ነው። አንድ የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪ ልጅ ነበር፤ «ምን ልበል» ብሎ አፈጠጠብኝ። «ማታ ምን ስትሠራ ነበር?» አልኩት። ከአባቱ ጋር መረብ ሲጠግን ነበር። ላይኛው ጠርዝ ላይ ተንሳፋፊ፣ ታችኛው ላይ ክብደት እንደሚታሰር፣ ክብደቱ ከበዛ መረቡ ጭራሽ እንደሚሰምጥ፣ ካነሰ ደግሞ ማዕበል አጣምሞት ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ከሥር እንደሚያልፍ አስረዳኝ። «ይህንኑ ጻፍ» አልኩት። ስንት ክብደት ለስንት ክንድ መረብ እንደሚበቃ ራሱ አስልቶ ጨመረበት። ገባ።

የፈተናውን ዝግጅት ለአስተማሪዎች እተወዋለሁ፤ በመስኮቴ የማየውን ሦስት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛው ቋንቋ ነው። ሒሳቡን የሚችል ልጅ «አት ሊስት» ቢያንስ፣ «አት ሞስት» ቢበዛ ማለት መሆኑን ባለማወቁ ነጥብ ይጥላል። ዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነውና የጥያቄ ቃላቱን ለብቻ በደብተር ይጻፍ። ሁለተኛው፣ ፈተና አውጪዎቹ ቀመር የሸመደደውን የሚያስት ጥያቄ ይወዳሉ። ልጆቹን እኔ በሱቄ ዋጋ እፈትናቸዋለሁ፦ መቶ ብር የነበረውን ጥራዝ ሃያ በመቶ ጨመርኩበት፣ ሰው ሲያጉረመርም ሃያ በመቶ ቀነስኩለት፤ አሁን ስንት ነው? አሥር ልጅ ቢኖር ስምንቱ «መቶ» ይላል። መልሱ ዘጠና ስድስት ነው፤ የቀነስኩት ከመቶ ሃያው ላይ ነዋ።

ሦስተኛው የመልስ ወረቀቱ ነው። ልጁ ሰባተኛውን ጥያቄ ይዘላል፣ ስምንተኛውን መልስ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ያጠቁራል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ሁሉም አንድ እርምጃ ይስታል። በየአሥሩ ጥያቄ ቁጥሩን እንዲያመሳክር አስለምዱት። ላጲሱ አዲስ ይሁን፤ ያረጀ ላጲስ ያቆሽሻል፣ ማሽኑ ሁለት መልስ ነው ብሎ ያነበዋል። «ፈተናው ወጥቷል፣ በብር እንልካለን» የሚል ቻናል ካያችሁ ዝለሉት። ይህን ያህል ነው።

ውጤት እስኪመጣ የሰፈሩን ትምህርት ቤት አትልቀቁ። ዘጠነኛ ክፍል እዚህ በሰዓቱ አስመዝግቡ፣ ልጁም ይማር። የእኔ ልጅ በዚያ በጎደለው አርባ ደቂቃ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ ስሟ ተጠባባቂ ውስጥ ነበር የወጣው። ጥቅምት ላይ ስልክ ተደወለ፤ አንድ ልጅ ናፍቆት አልችል ብሎ ወደ ቤቱ ተመልሶ ኖሯል። የተሰጠን ሁለት ቀን ነበር። ስለዚህ ተጠባባቂ ከሆናችሁ የሞላችሁትን ስልክ ቁጥር አትቀይሩ፣ አታጥፉም፤ የማታውቁት ቁጥር ሲደውልም አንሱ።

ልጁንም ጠይቁት፤ ከእናንተ ፊት ሳይሆን ከአክስቱ ወይም ከታላቁ ጋር ሲሆን። ሌሊት አልጋውን የሚያርስ፣ አስም ያለበት፣ እናቱ አጠገቡ ካልሆነች የማይበላ ልጅ አለ። የጤና ምርመራ ወረቀቱ ላይ ያለውን በእውነት አስሞሉ፤ የደበቃችሁት በሽታ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶርም ውስጥ ይወጣል።

ከገባ በኋላ ትምህርት ቤቱ ዋናውን ካርድ ሊያስቀር ይችላል። ከማስረከባችሁ በፊት አምስት ኮፒ አስነሱና ከዋናው ጋር አስመሳክራችሁ ማኅተም አስመቱበት፤ ዋናውን ማን ከእናንተ እንደተረከበ በወረቀት ያዙ። ፍራሽና ብርድ ልብስ እነሱ ይስጡ አይስጡ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የብረት ሳጥን ከገዛችሁለት ቁልፉ ሁለት ያለው ይሁን። አንዱን ለልጁ በክር አንጠልጥሉለት፣ ሌላውን ቤት አስቀሩ። የእኔዋ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጣለችው፤ ቅዳሜ በአውቶቡስ የሄድኩት ያንን ቁልፍ ይዤ ነበር።