ማይሉም የእናንተ፣ ዕዳውም የእናንተ፦ አሜሪካ ላለን የአየር መንገድ ካርድ አመራረጥ

«አገር ቤት ለመሄድ የትኛው የአየር መንገድ ክሬዲት ካርድ ይሻላል?» ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ስልኬ በዚህ ጥያቄ ይጨናነቃል። የካርዱ መልስ አጭር ነው። ረጅሙ ካርዱን ካገኛችሁ በኋላ የሚመጣው ነው።

አጭሩን ላስቀድም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ዩናይትድም እዚያው ስላለ በዩናይትድ ማይል (በካርዱና በበረራ በሚጠራቀመው የጉዞ ነጥብ) የኢትዮጵያን ቲኬት መቁረጥ ይቻላል። ዋሽንግተን፣ ኒውዋርክ፣ ቺካጎ ወይም አትላንታ አካባቢ ሆናችሁ በኢትዮጵያ የምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት ቼዝ ባንክ የሚያወጣውን የዩናይትድ ካርድ ነው። ኤሮፕላን (Aeroplan) የሚባለው የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራምም በዚሁ ቡድን ውስጥ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ካርድ አለው። የዴልታ ካርድ ግን ሌላ ቡድን ነው። አትላንታ ያላችሁ ዴልታን ብትወዱትም በእሱ ማይል ኢትዮጵያ ላይ አትሳፈሩም። የአሜሪካን ኤርላይንስ ማይል ደግሞ በኳታር በኩል በዶሃ ያሻግራችኋል። ዶሃ እህት ወይም ወንድም ላለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ስለሚጻፈው «አንድ ሻንጣ ነጻ»። ይህ የሚሠራው ዩናይትድ ራሱ በሚያበራቸው በረራዎች ላይ ነው። ኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ ለሚነሳ የኢኮኖሚ ተሳፋሪ ድሮውንም ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለበርበሬና ለሽሮ ብላችሁ ካርድ አትውሰዱ። በኢትዮጵያ በረራ ላይ ተጨማሪ ሻንጣ የሚያስገኘው የስታር አሊያንስ ጎልድ ደረጃ ነው፤ እሱ ደግሞ በመመላለስ እንጂ ካርድ በመያዝ ብቻ አይመጣም።

ኤክስፕሎረር የሚባለው የዩናይትድ ካርድ ዓመታዊ ክፍያ 150 ዶላር ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ብዙ ጊዜ ይተዉታል። ጌትዌይ የሚባለው ታናሹ ክፍያ የለውም፣ ጥቅሙም በዚያው ልክ ትንሽ ነው። በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ለሚሄድ ሰው እኔ የምመክረው ግን የአየር መንገድ ስም የሌለበትን የቼዝ ካርድ፣ ሳፋየር ፕሪፈርድን ነው። በዓመት 95 ዶላር ይከፈልበታል። ነጥቡ አንድ ለአንድ ወደ ዩናይትድም ወደ ኤሮፕላንም ይዞራል። ቦታ ያለው ጋ ትወስዱታላችሁ ማለት ነው። በ24 ወር ውስጥ አምስት ካርድ የከፈተ ሰው ቼዝ ጋ ብዙውን ጊዜ አይሳካለትም። ወር በወር ሙሉውን የማትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ እርሱት፤ ከ20 በመቶ በላይ ወለድ የሚያካክስ ማይል የለም።

በማይል የሚቆረጥ ወንበር ለክረምት፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት ቶሎ ያልቃል፤ ወራት ቀደም በሉ። የተወሰነ ማይል ደግሞ ለመርዶ አስቀምጡ። በዚያ ቀን ቲኬት በገንዘብ ሲገዛ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። በዩናይትድ ማይል የተቆረጠ ቲኬት ሲሰረዝ ማይሉ ያለ ቅጣት ይመለሳል፤ የቤተሰብ ዕቅድ እንዴት እንደሚገለባበጥ ታውቃላችሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አዲስ ካርድ ሲወጣ ቦነስ አለው፤ ቦነሱን ለማግኘት በሦስት ወር ውስጥ ብዙ ሺህ ዶላር ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን ወሬ ዘመድ ይሰማል። «አንተ ማይሉን ታገኛለህ፣ እኔ ቲኬቴን አገኛለሁ» ይባላል። ጆሮ ላይ ጥሩ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ በ2024 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ ይህ ደረሰበት። የአክስቱ ልጅ ቨርጂኒያ ነው ያለው፤ አዲስ አበባ የሚከራይ ቤት ስላለው ብር እዚያ ተቀምጦለታል። «ወንድሜ፣ የእኔንና የባለቤቴን ቲኬት በካርድህ ቁረጥልኝ፤ ብሩን ለእናትህ ለእትዬ እሰጣለሁ፣ ቤቱን ትጨርስበት» አለው። ቲኬቱ 3,600 ዶላር ሆነ። የባንክ ምንዛሬ ያኔ ወደ 57 ብር ነበር። 205,200 ብር ተባለ፣ በስልክ፣ «እሺ፣ ምን ችግር አለው» ተባብለው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (ጁላይ 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። በሳምንታት ውስጥ ባንኮቹ ራሳቸው ዶላሩን ከ100 ብር በላይ መግዛት ጀመሩ። ብሩ ለእናትየው የደረሰው መስከረም ላይ ነው። አንድም ሳይጎድል 205,200 ብር። በዚያ ሰዓት 2 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም። ካርዱ የሚጠይቀው ግን 3,600ውን ከነወለዱ ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ያኛው «የተነጋገርነው ብር ነው፤ የተባባልነውን ሰጥቻለሁ» አለ። ጓደኛዬ «እኔ የከፈልኩት ዶላር ነው፤ የዘገየኸው አንተ ነህ» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሽማግሌዎቹን ያስቸገራቸውም ይኸው ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሌባ ቢሆን ይቀል ነበር። እናትየው ከዚያ እየደወሉ «ልጄ፣ ለገንዘብ ብለህ ከወንድምህ አትጣላ» ይላሉ። ብሩ ሲሚንቶና ብረት ሆኗል። ከባንክ ውጭ የተደረገ ምንዛሬ ሕገወጥ ስለሆነ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስዱት ነገር አይደለም። ሁለቱ ዛሬም ለቅሶ ቤት ሲገናኙ ሰላም የሚባባሉት ሰው እንዳያያቸው ብለው ነው።

ስለዚህ የዶላር ቲኬት በዶላር ይመለስ። ከመቆረጡ በፊት፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ከባንክ ወደ ባንክ በሚላክበት በዜል። «ነገ አስገባለሁ» ካለ ቲኬቱም ነገ ይቆረጣል። ለዘመድ «አልፈልግም» ማለት ከከበዳችሁ «ካርዱ ሞልቷል» በሉ። ውሸት ነው፤ ግን ሠርግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣላችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዲቪ መጤ ዘመድ የሚመጣ ነው። «ክሬዲት እንዲሠራልኝ ካርድህ ላይ ስሜን አስገባልኝ።» ማስገባት ክፉ አይደለም። ግን እሱ ያወጣው ሁሉ የእናንተ ዕዳ ነው፤ እናንተው ፈቅዳችሁ ያስገባችሁትን ሰው ባንኩ እንደ አጭበርባሪ አይቆጥርላችሁም። መላ አለው። ስሙን አስገቡ፣ በስሙ የሚመጣውን ካርድ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት። የክሬዲት ታሪኩ ካርዱን ባይነካውም ይመዘገብለታል።

የካርድ ፎቶ በቴሌግራም ወደ አዲስ አበባ አትላኩ፣ ለእህትም ቢሆን። ቲኬት ከተፈለገ የፓስፖርቱን ፎቶ አስልካችሁ፣ ስሙን ፊደል በፊደል አይታችሁ፣ ራሳችሁ ከአየር መንገዱ ግዙ። ሌላ ሰው በከፈለው ካርድ የሚጓዝ ሰው ኤርፖርት ላይ ካርዱን ወይም የባለቤቱን ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል፤ እናትን ቦሌ ላይ ከማስጨነቅ ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። የማይል አካውንታችሁን የይለፍ ቃልም ለማንም አትስጡ። ማይል ገንዘብ ስለማይመስል «ትንሽ ተጠቀምኩበት» ማለት ለሰው አይከብደውም። በግማሽ ዋጋ ቲኬት የሚያቀርብ ደላላ ደግሞ ወይ የገዛውን ማይል ወይ የተሰረቀ ካርድ ነው የሚጠቀመው። ማይል መሸጥ በአየር መንገዶቹ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ሲደረስበት ቲኬቱ ይሰረዛል፤ የሚጉላላው ተሳፋሪው ነው።

አገር ቤት ስትደርሱ ካርዱ የሚያገለግላችሁ ትልልቅ ሆቴሎችና አንዳንድ ሱቆች ጋ ነው። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ብር ማውጣት ግን ብድር ነው፤ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፣ የአገልግሎት ክፍያም አለው። በስልክ መተግበሪያ ገንዘብ ስትልኩም ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው የሚቆጥሩት፤ ማይልም አይሰጡበትም። ለዚህ ለዚህ ዴቢት ተጠቀሙ።

ዓመታዊው ክፍያ ሊደርስ ሲል ካርዱን ልትዘጉ ካሰባችሁ መጀመሪያ ደውላችሁ ክፍያ ወደሌለው እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ። ዩናይትድ አካውንት ውስጥ የገባ ማይል ካርዱ ቢዘጋም አይጠፋም። የሳፋየር ነጥብ ግን ከካርዱ ጋር ይሄዳል፤ ሌላ የቼዝ የነጥብ ካርድ ከሌላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ወደ ዩናይትድ ወይም ወደ ኤሮፕላን አዙሩት።