ልጁ ጠግቦ ነው ወይስ ጨንቆት? ኦቲዝምና ትዕዛዝ መሸሽን እንዴት እንለይ

እዚህ ጎንደር ልጅ አልታዘዝ ሲል መጀመሪያ "አሞላቃችሁት" ነው የሚባለው፣ ቀጥሎ ቡዳ ነው ጸበል ውሰዱት። ጸበሉን ውሰዱት ምንም አይደል፣ ግን ጎን ለጎን ልጁን በደንብ እዩት።

አንድ አመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ፣ አመት ተኩል ላይ ባጃጅ አይቶ በጣቱ እየጠቆመ እናንተን የማያይ ከሆነ ኦቲዝም (የአንጎል እድገት ልዩነት ነው፣ ከሰው ጋር መግባባትን ይነካል) ሊሆን ስለሚችል ልብ በሉ (ውሃ ፈልጎ እጃችሁን መጎተት ሌላ ነው፣ እኔ የምለው እንዲሁ "እዩልኝ" ለማለት የሚጠቁመውን ነው)። ክዳን ሲያሽከረክር መዋል፣ ለጥምቀት ማይኩና እልልታው ሲቀልጥ ጆሮውን ይዞ መጮህም አለ። አንዱን ስላያችሁ ብቻ ኦቲዝም ነው አትበሉ፣ ጆሮውንም አስመርምሩ፣ የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት ዞር አይልም። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉ ግን ቶሎ ሀኪም ጋ።

ትዕዛዝ መሸሹ ላይ (አንዳንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከጭንቀት የተነሳ የታዘዘውን እምቢ ሲል ማለቴ ነው) ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ኤልሳቤጥ ኒውሰን የምትባል እንግሊዛዊት ሳይኮሎጂስት ናት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፒዲኤ ብላ ስም ያወጣችለት፣ ዲኤስኤም 5 (ሀኪሞች የአእምሮ ህመሞችን የሚለዩበት የአሜሪካ መመሪያ መጽሐፍ) ላይ ራሱን የቻለ ምርመራ ሆኖ ስለሌለ ሀኪሙ ወረቀት ላይ ባይጽፈው አይግረማችሁ። መለያው ምን መሰላችሁ፣ የሚወደውን ነገር ራሱ እምቢ ይላል። ፓስታ ፓስታ ሲል ውሎ ቀርቦለት "ና ብላ" ስትሉት አልበላም። ጫማህን አድርግ ሲባል ወሬ ይቀይራል፣ "እግሬ ታሟል" ይላል፣ "እኔ ድመት ነኝ ድመት ጫማ አታደርግም" ይላል (ሳቃችሁ ይመጣል እኮ)፣ ከገፋችሁት ግን ይፈነዳል፣ ጭንቀት ነው እንጂ ጥጋብ አይደለም። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ጨዋ ሆኖ ውሎ ቤት ሲገባ ነው የሚፈነዳው፣ ስለዚህ አስተማሪዋ "ምንም የለበትም" ስላለች ብቻ አትተዉት።

ዱላና ቁጣ ያባብሰዋል። የግድ ያልሆነውን ትዕዛዝ ተዉት፣ የቀረውን ዘወር አድርጋችሁ ተናገሩ፣ "ጫማው በሩ ጋ ነው፣ እኔ ልወጣ ነው" በሉና ጊዜ ስጡት፣ ወይ ጫማ ይቅደም ጃኬት እሱ ይምረጥ። "ጎበዝ!" ማለት እንኳን አንዳንዱን ያስጨንቀዋል፣ ነገም ድገመው የተባለ ይመስለዋል።

ሀኪም ጋ (ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ህጻናት ክፍል መጀመር ትችላላችሁ) ስትሄዱ ቤት ውስጥ ሲሆን በስልክ ቀርጻችሁ ያዙ፣ ምን ተብሎ ምን እንዳደረገም ጻፉ፣ ምክንያቱም እዛ ሲደርስ ጭምት ይሆንና እናንተ ናችሁ ውሸታም የምትመስሉት።