በአተነፋፈስ ልምምድ ጭንቀትን ለመቋቋም ሲሞክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲናደድ አጠገቡ ያለው መጀመሪያ የሚለው «በረጅሙ ተንፍስ» ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ችግሩ ብዙዎቻችን «በረጅሙ» ስንባል «በኃይል» ብለን መስማታችን ነው። ደረታችንን ነፍተን፣ ትከሻችንን ሰቅለን አየር እንስባለን። ደጋግመን ስንስብ ራሳችንን ያዞረንና «ይኼ ለእኔ አይሆንም» ብለን እንተወዋለን። ያለ ገንዘብ የሚገኝ እንዲህ ያለ እርዳታ በትንሽ ስህተት ሲባክን ማየት ያሳዝነኛል።

አየር ማብዛት

በዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ግማሽ ሊትር ገደማ አየር ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ አስቀድሞም 95 በመቶና ከዚያ በላይ የተሞላ ነው። ስለዚህ አየር በማብዛት የሚገኘው ተጨማሪ ኦክስጅን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚጎድል ነገር ግን አለ፤ እሱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህን ጋዝ እንደ ቆሻሻ ብቻ ማየት ለምዶብናል። በደም ውስጥ ከልክ በታች ሲወርድ ግን የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ። ዴንማርካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክርስቲያን ቦር እ.ኤ.አ. በ1904 እንዳሳየው፣ ሄሞግሎቢኑም የያዘውን ኦክስጅን በቀላሉ አይለቅም። ማዞሩ፣ የጣት ጫፍና የከንፈር መደንዘዙ የሚመጣው ከዚህ ጋዝ መጉደል ነው። እነዚህ ደግሞ የድንጋጤ ምልክቶችም ናቸው። ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው ለመረጋጋት ብሎ ሰውነቱን ጭራሽ ያስደነግጠዋል።

መጠኑን ሳይሆን ፍጥነቱን ይቀንሱ። በአፍንጫዎ፣ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው እንኳ በማይሰማው ልስላሴ፣ 4 ሰከንድ ያስገቡ፤ 6 ሰከንድ ያውጡ። ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል።

ሆድን በግድ መግፋት

«በሆድህ ተንፍስ» ሲባሉ አየር ሳያስገቡ ሆዳቸውን በጡንቻ የሚነፉ አሉ። ሆድ የሚነሳው ከሳንባ በታች ያለው ድያፍራም የሚባል ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ በራሱ ነው። እጅዎን እምብርትዎ ላይ ያሳርፉና ይጠብቁት፤ አይግፉት።

ማስገባቱ ላይ ብቻ ማተኮር

ልብ አየር ሲገባ ትንሽ ይፈጥናል፤ ሲወጣ ደግሞ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ያቀዘቅዘዋል። የማረጋጋቱ ሥራ የሚበዛው ትንፋሽ ሲወጣ ነው። ቋንቋችን ይህን ቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል፦ ሸክሙን ያወረደ ሰው «እፎይ!» የሚለው ትንፋሹን እያወጣ እንጂ እያስገባ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር ተለማምደው ነበር። በአፍንጫ አስገብቶ፣ ጥቂት ደርቦ ስቦ፣ ከዚያ በአፍ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ማውጣት ከሜዲቴሽን ይልቅ የዕለት ስሜትን አሻሽሎ ተገኝቷል።

ጭንቅ ሲመጣ ብቻ ማስታወስ

ከሁሉም የሚከብደኝ ስህተት ይህ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። አባቴ ታመው በሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ውጤት ስጠብቅ፣ ያነበብኩትን ልሞክር ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። እስከ አራት እንኳ መድረስ አቃተኝ። ጎርፍ ሲመጣ ዋና አይለመድም።

ልምምዱ የሚሠራው ሰላም ባለበት ቀን ነው። ሰውነታችን የደም ግፊት ከፍ ዝቅ ሲል የልብን ምት የሚያስተካክልበት ባሮሪፍሌክስ የሚባል ሥርዓት አለው። የዚህ ሥርዓት ምልልስ 10 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በደቂቃ 6 ጊዜ ስንተነፍስ ከእሱ ጋር እንገጥማለን። ለሳምንታት ሲደጋገም ሥርዓቱ እየጠነከረ እንደሚሄድ ተመራማሪዎች ለክተዋል። ለዚህ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚደረግ 5 ወይም 10 ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ ከሚደረግ ረጅም ልምምድ ይሻላል። ለውጡንም በተቀመጡበት ሰዓት አይፈልጉት። ክፉ ቃል ከሰሙ ወይም ከደነገጡ በኋላ ልብዎ ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደወሰደበት ያስተውሉ። እኔ ልዩነቱን ያየሁት እዚያ ላይ ነው።

የቁጥር ባሪያ መሆን

4 እና 6 ሕግ አይደሉም። አየር የሚያጥርዎ ከሆነ 3 አስገብተው 4 ያውጡ።

እየባሰ ሲሄድ በግድ መቀጠል

ትንፋሹን ማዳመጥ ራሱ የሚያስጨንቀው ሰው አለ፤ በተለይ ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ያለበት ወይም ከባድ ነገር ያሳለፈ። ይህ ድክመት አይደለም። ዓይንዎን ይክፈቱ፣ እግርዎ መሬት መርገጡን ያዳምጡ፣ ወይም እየተራመዱ እርምጃዎን ይቁጠሩ። ከዚህም በኋላ ካልቀለለዎ ይተዉትና ባለሙያ ያማክሩ።

በፍጥነት ተንፍሶ ትንፋሽ መያዝን እንደ ቀላል ማየት

በፍጥነት ደጋግሞ ተንፍሶ ከዚያ ትንፋሽን አፍኖ የመያዝ ልምምድ በብዙ ቪዲዮዎች ይታያል። እባክዎ ውሃ ውስጥ ወይም መኪና እየነዱ ፈጽሞ አያድርጉት። «ተንፍስ» ብሎ የሚያስገድደን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ነው። እሱን አስቀድመው ካባረሩት፣ ኦክስጅንዎ አልቆ ራስዎን እስኪስቱ ምንም ማስጠንቀቂያ ላይሰማዎት ይችላል። ጎበዝ ዋናተኞች ሳይቀሩ በዚህ ሞተዋል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ ይህን ዓይነቱን ይተዉት፤ ለስለስ ያለውን ለመጀመርም ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ሕመምን ጭንቀት ነው ብሎ ማለፍ

ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ቁጭ ብለውም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ካለ ትንፋሽ መቁጠሩን ትተው ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ።