አሮጌው የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሔ

የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ የአባቴ የእንጨት ሥራ ቤትም ተዘጋ። ገላው አሉሚኒየም የሆነው መሰርሰሪያው አራት ኪሎ ወደሚገኘው ቤታችን መጣ። አጎቴ «ለቆራሌው ስጠው» አለኝ። እኔ ግን ፈታሁት። ውስጡን የሞላው የዋንዛ ብናኝና የደረቀ ግራሶ ነበር፤ ሞተሩ ደኅና ነው። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ከእርጅና ይልቅ ቆሻሻ ይገድላቸዋል።

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ስፒናውን ንቀሉ። ቀጥሎ ገላው ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ አንብቡ። 110 ወይም 120 ቮልት የሚል ከሆነ የቤታችን 220 ቮልት ያቃጥለዋልና ያለ ትራንስፎርመር አትሰኩት።

ሲነካ ይነዝራል

ይህን የሚያህል አደገኛ ምልክት የለም፤ ወዲያውኑ አቁሙ። መንስኤው የገመዱ ልባስ ደርቆ መሰንጠቁ፣ የመሬት መስመሩ መበጠሱ ወይም ክረምቱን ያሳለፈበት እርጥበት ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት። ገመዱን ሦስት ሽቦ ባለው ቀይሩና አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን ከብረቱ ገላ ጋር እሰሩት። ከዚህም በኋላ ከነዘረ የሞተር ሽቦ ለሚጠቀልል ባለሙያ ስጡት እንጂ በጓንት አትሥሩበት።

አይነሳም፣ ወይም እየቆራረጠ ይነሳል

ብዙ ጊዜ ሽቦው የሚበጠሰው እጀታው ሥር፣ ገመዱ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። የተበጠሰውን ጫፍ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩት። ገመዱ ደኅና ከሆነ ማብሪያውን፣ ከዚያም ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች እዩ።

ብልጭታው በዝቷል፣ የመቃጠል ሽታ አለው

ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ጤናማ ነው። እሳቱ ኮሙቴተር የሚባለውን የመዳብ ቀለበት ከዞረው ግን ወይ ካርቦኑ አልቋል፣ ወይ በመዳቦቹ መካከል ያለው ክፍተት በካርቦን ዱቄት ተደፍኗል። ካርቦኖቹን ስታወጡ የትኛው ከየትኛው ጎን፣ በየትኛው ገጹ እንደነበረ ምልክት አድርጉ፤ የመዳቡን ክብነት ይዘው ተስለዋልና። ከ6 ሚሊሜትር ካነሱ ሁለቱንም ቀይሩ። መርካቶ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥቂት የሚሰፋውን ካገኛችሁ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። ክፍተቶቹን በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ፣ ሌላውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። የብረት ሱፍ አታስጠጉ፤ የሚረግፈው ክር ኤሌክትሪኩን ያገናኛል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። መዳቡ ላይ የምታዩት ለስላሳ ቡናማ ቀለም ቆሻሻ አይደለም። ካርቦኑና መዳቡ ለዓመታት አብረው ሲሠሩ የፈጠሩት መከላከያ ነው። ብዙ ሰው ይህን ፍቆ መዳቡን እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራዋል፤ ካርቦኑም ከዚያ በኋላ ቶሎ ያልቃል።

ይጮኻል፣ ይሞቃል

የማርሹ ግራሶ እንደ ሬንጅ ደርቋል። ማርሹን ብቻ በላምባ በራሰ ጨርቅ ጥረጉ፤ ላምባው ሞተሩ ጋ እንዳይደርስ። አዲሱ ግራሶ ጥርሶቹን ይሸፍን እንጂ ቤቱን አይሙላ፤ ሲበዛ ወደ ሞተሩ ይሻገራል። ዘንጉ በእጅ ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል። ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ ግዙ፤ ለምሳሌ 608 ማለት ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው።

ፑንታ የሚይዘው አፍ ከደረቀ በላምባ አሳድሩት፤ ጠዋት ሁለት ጠብታ ዘይት ይበቃዋል።

ገላውን በተጨመቀ ሳሙናማ ጨርቅ ወልውሉት። እኔ ቀለም አልቀባሁትም፤ እጀታው ላይ የአባቴ አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ላጥ ብሎ አሉሚኒየሙ ይታያል። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ያለ ሥራ ለ10 ደቂቃ ያህል አሽከርክሩት። አዲስ ካርቦን መዳቡን እስኪለምድ ትንሽ ያብለጨልጫል፤ አትደንግጡ።