ኤንክሌክስ ለምታጠኑ የአገሬ ነርሶች

ኤንክሌክስ አሜሪካ ውስጥ የነርስነት ፈቃድ ለማግኘት የሚወሰደው የቦርድ ፈተና ነው። አገር ቤት ነርሲንግ የተማረ ሰው አሜሪካ መጥቶ «እንግሊዝኛዬ ለቦርድ ፈተና አይበቃም» ሲለኝ ሙሉ በሙሉ አላምነውም። የተማርነው እኮ በእንግሊዝኛ ነው። ኒሞኒያ፣ ሄሞግሎቢን፣ ዲሃይድሬሽን ለኛ አዲስ አይደሉም። ጉድ የሚሠራን ሌላ ነው። በሽተኛው እንደ ጎረቤት ሲያወራ፣ ጥያቄው ስለ ቁርስ ሲሆን፣ መጨረሻ ላይ ያለች ትንሽ ቃል ስታመልጠን ነው የምንወድቀው። እኔ ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሲኤንኤነት፣ ማለትም በረዳት ነርስነት፣ ናይት ሺፍት እየሠራሁ ነው ያጠናሁት። ይህንንም የምጽፈው በዚያው መንገድ ላይ ላላችሁ ነው።

ከጥናቱ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ። ቢያንስ ጀምሩት። የምታመለክቱበት ስቴት ቦርድ (የነርስነት ፈቃድ የሚሰጠው አካል) ምን እንደሚጠይቅ ከራሱ ከቦርዱ ድረ ገጽ አንብቡ። ቨርጂኒያ ያለችው ጓደኛችሁ የሄደችበት መንገድ ለሜሪላንድ ላይሠራ ይችላል። ውጭ አገር ለተማረ ሰው የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ይጠየቃል፤ ብዙዎቻችን ያሠራነው ሲጂኤፍኤንኤስ በሚባለው ገምጋሚ ድርጅት ነው (አሁን ስሙ ትሩሜሪት ሆኗል)። ብዙ ቦርዶች ቶፍል ወይም አይኤልትስም ይፈልጋሉ። ትራንስክሪፕቱ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ መላክ ስላለበት፣ አገር ቤት ሬጅስትራር ደጃፍ የሚመላለስ ሰው ይኑራችሁ። በስልክ ብቻ አይሆንም።

የስም ነገር ደግሞ የኛ ልዩ ጣጣ ነው። ዲፕሎማው ላይ የአባት ስም መጨረሻ ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ አያት ተጨምሯል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ደግሞ የአባት ስም መሃል ገብቷል። በዚህ ላይ «ፀሐይ» በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ትጻፋለች! ፈተና ጣቢያው የሚያየው መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም ከፈተና ፈቃዳችሁ ጋር አንድ መሆኑን ነው። ፈተናውን ለሚሰጠው ድርጅት ለፒርሰን ቪው 200 ዶላሩን ከፍላችሁ ስትመዘገቡ መታወቂያውን አጠገባችሁ አስቀምጡና እያያችሁ ጻፉ።

አሁን ወደ ፈተናው። በፈረንጆቹ ከ2023 ኤፕሪል ወር ጀምሮ አዲሱ ዓይነት ነው የሚሰጠው። ትንሹ 85 ጥያቄ፣ ትልቁ 150፤ ጊዜው አምስት ሰዓት። ኮምፒውተሩ እንደ አመላለሳችሁ ከበድ ወይም ቀለል ያለ ጥያቄ ያመጣል፤ ስለ ደረጃችሁ እርግጠኛ ሲሆን ይዘጋል። ስለዚህ 85 ላይ መዘጋቱ ብቻውን ማለፍም መውደቅም አይደለም። ያለፈ ጥያቄ ላይ ተመልሶ ማረም የለም። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው ብሎ ተጨማሪ ሰዓት መጠየቅም የለም። 150 ድረስ ብትሄዱ እንኳ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ይደርሳችኋል። ወደ አማርኛ ተርጉሞ፣ በአማርኛ አስቦ፣ ወደ እንግሊዝኛ ለሚመለስ ሰው ግን ይህ ጊዜ አይበቃም።

ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ቀን በጥያቄ አጥኑ የምለው። የልምምድ ጥያቄ ከሚሸጡት ዩወርልድም ይሁን አርቸር፣ አንዱን ያዙና ጨርሱት። ሦስት አራቱን ገዝቶ ማንንም አለመጨረስ የብዙዎቻችን በሽታ ነው። የልብ ድካም አልገባችሁም? ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ የሚያስረዳ ካለ ስሙ፣ ምንም ችግር የለውም። ጥያቄውን ግን በእንግሊዝኛ አንብባችሁ በእንግሊዝኛ መልሱ። ከዚያ ትክክለኛው መልስ ለምን ትክክል እንደሆነ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ለምን እንደወደቁ በእንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ ተናገሩ። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ያብዳል፣ እናንተን ግን ይጠቅማችኋል።

ስታነቡ ከታች ጀምሩ። የመጨረሻው መስመር ነው ምን እንደተጠየቃችሁ የሚነግራችሁ። «ፈርዘር ቲቺንግ» (ተጨማሪ ትምህርት ያስፈልጋታል) የምትል ካያችሁ የሚፈለገው በሽተኛዋ የተናገረችው የተሳሳተ ነገር ነው። ትክክለኛውን ንግግር ፈልጎ የሚመርጥ ሰው ትምህርቱን እያወቀ ነጥብ ይጥላል። «ፈርስት» (መጀመሪያ) ካለ አራቱም መልስ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የምትመርጡት የሚቀድመውን ነው። «ኤክስፔክትድ» (የሚጠበቅ) ካለ ደግሞ ለዚያ በሽታ የተለመደውን።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ እኔ ያዘጋጀሁት ነው። አራት በሽተኛ ተረክባችኋል፤ ቀድማችሁ ማንን ታያላችሁ? አንዱ ሲኦፒዲ (ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ያለበት ነው፣ ኦክስጅኑ 90 በመቶ። ሁለተኛዋ ትናንት የዳሌ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፣ ሕመሜ ከአሥር ሰባት ነው ትላለች። ሦስተኛው ስኳር ያለበት፣ 240 ሆኗል። አራተኛዋ ዛሬ ጠዋት እንቅርት የወጣላት፣ ስትተነፍስ ድምፅ እያሰማች ነው። ዓይን የሚሄደው ወደ 90 ነው፣ ቁጥር ስለሆነ። ግን ለሲኦፒዲ በሽተኛ ከ88 እስከ 92 የሚፈለገው ነው። ሕመሙም ስኳሩም መታየት አለባቸው፣ ግን ትንሽ ይጠብቃሉ። አንገቷ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ድምፅ ካሰማች የአየር መንገዷ እየጠበበ ሊሆን ይችላል። እሷ ናት። እዚህ ውስጥ ከባድ እንግሊዝኛ የለም። ያለው የተለመደውን ካልተለመደው መለየት ነው።

አሁን በጣም የምንቸገርበት ጋ ደረስን። አገር ቤት ሙያ ብቻ አይደለም የተማርነው፣ ጠባይም ተምረናል። አንዲት ሴት ነገ ጡቷ ሊወጣ «ባሌ ከዚህ በኋላ ያየኝ ይሆን?» ብላ ብታለቅስ ምን እንላለን? «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም፣ እግዚአብሔር አለ።» ከልባችን ነው። ኤንክሌክስ ላይ ግን ባዶ ተስፋ ሰጥታችሁ ወሬዋን ዘጋችሁ ተብሎ ይሰረዛል። «እኔ ብሆን…» ብሎ መምከርም፣ «ለምን እንዲህ አሰብሽ?» ማለትም፣ «ሐኪሙን ጠይቂው» ብሎ መሸሽም እንዲሁ። የሚመረጠው ሴትየዋ የበለጠ እንድትናገር የሚያደርገው ነው፦ «ባልሽ እንዴት ያየኝ ይሆን ብለሽ ተጨንቀሻል፤ እስቲ ንገሪኝ።» ለኛ ጆሮ ቀዝቃዛ ይመስላል። ልመዱት።

ቤተሰብም እንደዚያው ነው። ልጅ መጥቶ «ካንሰር መሆኑን ለእናቴ አትንገሯት» ካለ፣ እኛ ልጁን እሺ ብለን ልንሸኘው እንችላለን። ፈተናው ግን ቀድሞ የሚጠይቀው እናትየው ምን ማወቅ እንደምትፈልግ ነው። ሌላም ልጨምር፦ በሽተኛዋ እንግሊዝኛ ካልቻለች ልጇ አያስተረጉምላትም፤ ባለሙያ አስተርጓሚ ይጠራል። እኛው ስንት ጊዜ ለእናቶቻችን ክሊኒክ ተቀምጠን አስተርጉመናል! መልሱ ግን ያው ነው።

ሐኪም ያዘዘው መጠን በዝቶ ከታያችሁ መድኃኒቱን ሳትሰጡ ለሐኪሙ ደውሉ። አትፍሩ፣ ማክበርም መስሏችሁ ዝም አትበሉ። ግን መደወል ሁልጊዜ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። ደም እየተሰጠው ሰውየው ብርድ ብርድ ካለውና ጀርባዬን ካለ መጀመሪያ ደሙን ታቆማላችሁ፣ ከዚያ ነው ስልኩ። ሥራ ማከፋፈልም ላይ ጠንቀቅ በሉ። አሰስመንት (የበሽተኛውን ሁኔታ መገምገም) እና ማስተማር ለሲኤንኤ አይሰጥም። በሲኤንኤነት የሠራችሁ ይህን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። የሥራ ቦታችሁን ልምድ ግን እንዳለ ፈተናው ላይ አትጫኑት። እዚያ ሰው አያንስም፣ ዕቃ አይጠፋም፣ ሁሉም በሕጉ ነው የሚሠራው።

ምግቡን ለማጥናት ሱፐርማርኬት ግቡ። የቆርቆሮ ሾርባ አንሡና ሶዲየሙን አንብቡ። ሆት ዶግ፣ ዴሊ ሥጋ፣ ፒክል ምን እንደሆኑ በዓይናችሁ እዩ። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቅጠላ ቅጠል አበላሉን እንዳይቀያይር ሲባል ያው የኛው ጎመንም አለበት። ማኦኢ የሚባለውን የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ የቆየ ቺዝ አይበላም። ኮቴጅ ቺዝ ግን ችግር የለውም፤ የኛን አይብ ይመስላል፣ እሱን አስባችሁ ያዙት።

የመድኃኒት ስምም ይቀየራል። ፓራሲታሞል እዚህ አሲታሚኖፊን ነው። ሳልቡታሞል አልቡቴሮል፣ አድሬናሊን ኤፒኔፍሪን፣ ሪፋምፒሲን ሪፋምፒን፣ ፔቲዲን ሜፔሪዲን፣ ግሊቤንክላማይድ ግላይቡራይድ ይባላል። ፓውንዱን ለ2.2 አካፍሉ፣ ኪሎ ይሆናል። 100.4 ፋራናይት 38 ሴልሺየስ ነው።

የተሳሳታችሁትን የምትጽፉበት ደብተር ይኑራችሁ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ አንድ ፊደል አድርጉ። ትምህርቱን ካላወቃችሁት «እ»፣ እውቀት። ቃሉ ወይም አረፍተ ነገሩ ካሳታችሁ «ቋ»። ቸኩላችሁ ከሆነ «ች»። በሳምንቱ መጨረሻ ቁጠሩ። «እ» ከበዛ ወደ መጽሐፍ ተመለሱ። «ቋ» ከበዛ መጽሐፍ አይጠቅማችሁም፤ በቀን ብዙ ጥያቄ ማንበብና ሥራ ቦታ ሪፖርት ሲሰጥ ጆሮ መስጠት ነው መድኃኒቱ። «ች» የበዛበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ከናይት ሺፍት ወጥታችሁ ቀጥታ ጥያቄ አትክፈቱ። ተኙ። የፈተናው ሳምንት ላይ ደግሞ ኦቨርታይም እንቢ በሉ፣ ብሩ ይደርሳል።

ቴሌግራም ላይ «የትናንት ፈተና ጥያቄ አለኝ» እያለ የሚሸጥ አለ። አትግዙ። ከሌብነቱ ሌላ፣ የተሳሳተ መልስ ነው የምትሸመድዱት።

በፈተናው ቀን የእጃችሁን መዳፍ ስካን ያደርጋሉ፤ ስልክና ሰዓት ሎከር ይገባል። ዕረፍት መውጣት ይቻላል፣ ሰዓቱ ግን ከአምስቱ ላይ ይቆጠራል። ጾም ላይ ከሆናችሁ የጾም ቆሎም ይሁን ሙዝ ሎከር ውስጥ አስቀምጡ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ደግሞ ቀኑን ከጾሙ ውጭ መምረጥ ወይም ከንስሐ አባታችሁ ጋር መነጋገር ይሻላል።

በብዙ ስቴት ከሁለት የሥራ ቀን በኋላ 7.95 ዶላር ከፍላችሁ ጊዜያዊ ውጤቱን ታያላችሁ። ካላለፋችሁ ቦርዱ የሚልከውን የውጤት ዝርዝር አትጣሉት። በየትኛው ክፍል ከማለፊያው በላይ፣ አካባቢ ወይም በታች እንደሆናችሁ ይናገራል። ድጋሚ ለመቀመጥ ቢያንስ 45 ቀን መጠበቅ አለባችሁ፤ ያንን ጊዜ «በታች» ከተባለው ክፍል ጀምሩት።