ዋልካ መሬት ላይ መሠረት ከመጣሌ በፊት ያደረግሁት

ቡልቡላ ያለው ቦታዬ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ሲጠግብ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቆፋሪው 80 ሳንቲ ሜትር ወርዶ «ይበቃል፣ ድንጋይ እንደርድር» አለኝ። የጎረቤቴ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በየቀኑ ስለማየው እምቢ አልሁ።

በአራቱ ማዕዘንና በመሃል የሙከራ ጉድጓድ አስቆፈርሁ። ዋልካው 1.6 ሜትር ላይ አልቆ ጠንካራ መሬት ተገኘ። ስለዚህ በኤክስካቫተር ሙሉ በሙሉ አስወጣሁት፤ ቁፋሮውንም ከቤቱ ጠርዝ 1 ሜትር አሰፋሁት። ከዚያ ገረጋንቲ (ለሙሌት የሚያገለግል ጠጠራማ አፈር) በ20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እያስነጠፍሁ፣ ውኃ እያስረጨሁ፣ በሮለር አስጠቀጠቅሁ። ሠራተኞች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን የሁለት ዙሩን በአንዴ ደፍተው ስላገኘኋቸው እንዲያነሡት አደረግሁ፤ ላዩ ቢጠነክርም ሥሩ ልል ሆኖ ይቀራልና። የወጣውን ዋልካ ደግሞ ለሙሌት እንዳይመልሱት ወዲያው በገልባጭ መኪና አስጫንሁት።

የጣሪያው ውኃ ከመሠረቱ እንዲርቅም ዙሪያውን ቦይ አሠራሁ። ሁለት ክረምት አለፈ፤ ግድግዳው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ የለም።